ፒዬታ በ24 ዓመት፦ ሚኬላንጄሎ እጁን የት አፍታታ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሁለተኛ ዓመት የቅርጻ ቅርጽ ተማሪ ነኝ። ሚኬላንጄሎ ‹ፒዬታ›ን በ24 ዓመቱ፣ ያለ አስተማሪ፣ በተሰጥኦ ብቻ ሠራው ይባላል። እውነት ነው? ሮም የገባውም በማጭበርበር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ደግሞስ ሁለት ሰው ከአንድ ድንጋይ እንዴት ይወጣል? በቅርቡ ጣሊያን ስለምሄድ ምን ልይ?»

ምላሽ፦

ልጄ፣ ዕድሜው ልክ ነው። ሚኬላንጄሎ የተወለደው ማርች 6 ቀን 1475 ነው። «ፒዬታ» ማርያም የሞተውን ልጇን ክርስቶስን በጉልበቷ ይዛ የምትታይበት የእብነ በረድ ቅርጽ ነው። ውሉ የተፈረመው ኦገስት 27 ቀን 1498 ሲሆን ሥራው ባለቀበት ጊዜ 24 ዓመት ቢሆነው ነው። (ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) «ያለ አስተማሪ» የሚለው ግን ልክ አይደለም። ይህን ወሬ ያስነሣው ደግሞ ራሱ ሚኬላንጄሎ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካረጀና ከከበረ በኋላ ቫሳሪ የሚባለው ጸሐፊ በ1550 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። እዚያ ላይ የሠዓሊው ጊርላንዳዮ ተማሪ እንደነበር ጻፈ። ሚኬላንጄሎ ይህ አልተዋጠለትም። ከሦስት ዓመት በኋላ ኮንዲቪ የተባለ ደቀ መዝሙሩ ሌላ ታሪክ አወጣ። እዚህኛው ላይ ጊርላንዳዮ ምንም አልረዳውም፣ እንዲያውም ይቀናበት ነበር ተባለ። ቫሳሪም ዝም አላለም። በ1568 መጽሐፉን አስፋፍቶ ሲያሳትም የሥራ ውሉን ቃል በቃል አስገባው። አባቱ ሎዶቪኮ ልጁን ኤፕሪል 1 ቀን 1488 ለሦስት ዓመት አስገብቶታል። ልጁ ያኔ 13 ዓመቱ ነው። ክፍያው በመጀመሪያው ዓመት 6 ፍሎሪን፣ በሁለተኛው 8፣ በሦስተኛው 10 ነው። ልብ በይ፣ ለተለማማጅ ነው ገንዘብ የሚከፈለው። ጊርላንዳዮ ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሥራ እንደሚሠራለት ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ከዚያም በፊት ቢሆን ከድንጋይ ጋር አልተራራቀም። ሕፃን ሳለ ሞግዚት የሆነችው ሴት ከፍሎረንስ ወጣ ብሎ ባለው በሴቲኛኖ መንደር የምትኖር የድንጋይ ጠራቢ ሚስት ነበረች። መሮና መዶሻን ከሞግዚቴ ወተት ጋር ጠጣሁት ይል እንደነበር ቫሳሪ ጽፏል። እናቱ የሞተችው ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። አባቱ ግን የድሮ ክብራቸውን የሚያስቡ ሰው ስለነበሩ ልጃቸው የእጅ ሥራ መያዙን አልወደዱትም። ኮንዲቪ እንደሚለው ተገርፎበታል።

ጊርላንዳዮ ቤት ምን ተማረ? መሣል። ይህን እንደ ቀላል ነገር እንዳታይው። ቀራጺ መሮውን ከማንሣቱ በፊት ቅርጹን ከየአቅጣጫው በዓይኑ መያዝ አለበት። ሌላው የጨርቅ እጥፋት ነው። በዚያ ዘመን በፍሎረንስ የሥራ ቤቶች ጨርቅ በቀጭን ጭቃ ነክሮ በሞዴል ላይ ማልበስ፣ ሲደርቅ ደግሞ እጥፋቱን ብርሃንና ጥላ እያሳዩ መሣል የተለመደ ልምምድ ነበር። «ፒዬታ» ፊት ስትቆሚ የማርያምን ጉልበት ተመልከቺ። የሚበዛው ድንጋይ ጨርቅ ነው።

ሦስቱን ዓመት ግን አልጨረሰም። ፍሎረንስን በተግባር ይገዛ የነበረው ሎሬንዞ ዴ ሜዲቺ በሳን ማርኮ ገዳም አጠገብ ጥንታውያን ቅርጾች የሰበሰበበት የአትክልት ቦታ ነበረው። ጠባቂው በርቶልዶ ይባላል፤ የታላቁ ቀራጺ የዶናቴሎ ተማሪ ነበር። ሚኬላንጄሎ እዚያ ገባ፣ በኋላም በሎሬንዞ ቤት ከልጆቹ ጋር ማዕድ መቅረብ ጀመረ። ቶሪጃኖ የሚባል ጓደኛው በቡጢ አፍንጫውን የሰበረውም በዚያ ዘመን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጠፍጣፋ አፍንጫ ይዞ ኖሯል።

ከዚያ ዘመን ሁለት ሥራዎች ተርፈዋል፤ ሁለቱም ፍሎረንስ በሚገኘው የቦናሮቲ ቤት ሙዚየም ውስጥ ናቸው። አንዱ «የደረጃዋ እመቤት» ነው፣ በስስ እብነ በረድ ላይ በትንሹ ብቻ ጎልቶ የወጣ። ሌላው ራቁታቸውን የሚታገሉ ሰዎች የተጠላለፉበት ውጊያ ነው። ጀማሪ ከሆንሽ ሁለተኛውን ደግመሽ እይው። መሮው ያረፈባቸው ቦታዎች ዛሬም ይታያሉ፣ አልለሰለሱም። ልጁ ድንጋዩን ከፊት ወደ ኋላ እያሳደደ ሲገባ ታያለሽ።

ሎሬንዞ ኤፕሪል 1492 ሞተ። ሚኬላንጄሎ ወደ አባቱ ቤት ተመለሰ። ቀጥሎ የሆነው፣ በእኔ ግምት፣ ለ«ፒዬታ» ከሁሉም በላይ የጠቀመው ነገር ነው። የሳንቶ ስፒሪቶ ገዳም አለቃ በገዳሙ ሆስፒታል የሞቱ ሰዎችን አስከሬን እንዲመረምር ክፍል ሰጠው። እሱም በምላሹ የእንጨት ስቅለት ቀረጸላቸው። እስቲ አስቢው፣ ገና 20 ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ቆዳውን ገልጦ ጡንቻውን፣ ጅማቱን፣ አጥንቱ የሚጋጠምበትን አየ። የሞተ ሰው ክንድ እንዴት እንደሚወድቅ፣ አንገት እንዴት እንደሚዞር ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም።

በኦክቶበር 1494 የሜዲቺ ቤት ሊወድቅ ሲል ሸሸ። ቬኒስ ደርሶ ተመለሰና ቦሎኛ ገባ። እዚያ የውጭ ሰው በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ቀይ ሰም ማስደረግ ነበረበት። እሱ አላደረገም። 50 ሊሬ ተቀጣ፣ የሚከፍለው አልነበረውም። አልድሮቫንዲ የሚባል የከተማው ባላባት አስፈታውና አንድ ዓመት ገደማ ቤቱ አኖረው። ማታ ማታ የባለቅኔዎቹን የዳንቴንና የፔትራርካን ግጥሞች በቶስካና አነጋገሩ ያስነብበው ነበር። ሥራም አገኘለት፤ የቅዱስ ዶሚኒክ መቃብር ላይ የጎደሉ ሦስት ትንንሽ ቅርጾች። ከእነሱ አንዱ መቅረዝ የያዘ መልአክ ነው። ቁመቱ ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው፣ የለበሰው ልብስ ግን ከባድና ጥልቅ እጥፋት ያለው ነው። የማርያም ጉልበት ላይ የምናየው ጨርቅ እዚህ ተጀምሯል ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ከተማ በሳንታ ማሪያ ዴላ ቪታ ቤተ ክርስቲያን ኒኮሎ ዴል አርካ በሸክላ የሠራው የክርስቶስ ልቅሶ አለ። ሴቶቹ አፋቸውን ከፍተው ይጮኻሉ፣ ልብሳቸው ወደ ኋላ ይበርራል። ሚኬላንጄሎ የጎደሉትን ቅርጾች የሞላለት የቅዱስ ዶሚኒክ መቃብርም ይኸው ኒኮሎ ሳይጨርሰው የቀረ ሥራ ነው። ስለዚህ ልቅሶውን ሳያይ ቦሎኛን ለቀቀ ብዬ መገመት ይከብደኛል። ከአራት ዓመት በኋላ የራሱን ማርያም ሲቀርጽ አላስጮኻትም። እንባም የላትም።

አሁን ወደ «ማጭበርበሩ» እንምጣ። በ1495 መጨረሻ ፍሎረንስ ተመልሶ የተኛ ኩፒድ፣ ማለትም የፍቅር አምላክ የሚባለውን ሕፃን፣ ቀረጸ። ከሌላኛው የሜዲቺ ቤት የሆነው ሎሬንዞ ዲ ፒየርፍራንቼስኮ አየውና «ከመሬት የወጣ ብታስመስለው ሮም ውስጥ ብዙ ያወጣል» አለው። አስመሰለው። ባልዳሳሬ የተባለ ነጋዴ ጥንታዊ ነው ብሎ ለካርዲናል ሪያሪዮ በ200 ዱካት ሸጠው፤ ለሚኬላንጄሎ የላከለት ግን 30 ብቻ ነው። ስለዚህ እውነት ነው፣ ማታለል ነበረበት። የተበላው ግን ካርዲናሉ ብቻ አይደለም፣ ልጁም ተበልቷል።

ካርዲናሉ ጠርጥሮ ሠሪውን የሚፈልግ ሰው ፍሎረንስ ላከ። ኮንዲቪ እንደጻፈው ሰውዬው ሚኬላንጄሎን አገኘና የሚሠራውን እንዲያሳየው ጠየቀ። የሚያሳየው አልነበረውም። ብዕር አንሥቶ እዚያው እጅ ሣለለት። እንግዳው ተደነቀ። ካርዲናሉ ገንዘቡን ከነጋዴው አስመለሰ፣ ቀራጺውን ግን ሮም አስጠራው። ጁን 25 ቀን 1496 ገባ። ከሳምንት በኋላ በጻፈው ደብዳቤ ካርዲናሉ የጥንት ቅርጾቹን እንዳሳየውና አንድ የሚያምር ነገር ትሠራለህ ወይ ብሎ እንደጠየቀው ይናገራል። ያ ሥራ «ባኮስ» ሆነ፤ የወይን አምላክ ሰክሮ ሲወላገድ። ካርዲናሉ ግን አልወሰደውም። ቅርጹ የጎረቤቱ የባንክ ሰው የያኮፖ ጋሊ ግቢ ውስጥ ቀረ።

ይህን ጋሊን አትርሺው፣ «ፒዬታ»ን ያስገኘው እሱ ነው። ዣን ደ ቢሌር የተባለ ፈረንሳዊ ካርዲናል፣ በሮም የፈረንሳይ ንጉሥ መልእክተኛ፣ ለመቀበሪያው ቅርጽ ይፈልግ ነበር። ቦታው ከድሮው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጎን ያለው የቅድስት ፔትሮኒላ ጸሎት ቤት ነው። የሞተውን ልጇን በጉልበቷ የያዘች ማርያም በጀርመንና በፈረንሳይ አገር የታወቀ ምስል ነበር፣ በጣሊያን ቀራጺዎች ዘንድ ግን ብዙም አልተለመደም። ፈረንሳዊው የአገሩን ነገር ነው የጠየቀው።

በውሉ መሠረት ዋጋው 450 የወርቅ ዱካት፣ ጊዜው አንድ ዓመት ነው። ከሥራው በፊት 150 ይከፈላል፣ ከዚያ በየአራት ወሩ 100። ጋሊ ዋስ ሆነ። ዋስትናው ደግሞ የሚያስደነግጥ ነው፦ ዛሬ ሮም ውስጥ ካሉት የእብነ በረድ ሥራዎች ሁሉ ያማረ ይሆናል፣ በዚህ ዘመን ያለ ማንም ባለሙያ ከዚህ የተሻለ አይሠራም። ይህን የጻፈ ሰው ከፊቱ ያለው ልጅ ምን እንደሚችል አይቷል። ግቢው ውስጥ ባኮስ ቆሞ ነበራ።

ድንጋዩ ከውሉ ቀድሞ ነው የመጣው። ካርዲናሉ በኖቬምበር 1497 የሉካ ከተማ ሹሞች እንዲተባበሩት ደብዳቤ ጽፎለት ሚኬላንጄሎ ራሱ ወደ ካራራ ተራሮች ወጣ። ሌላ ሰው ልኮ ማስመጣት ይችል ነበር። ግን የድንጋዩን ነገር የሚያውቅ ሰው ይህን ለሌላ አይተውም። ካራራ ላይ ሁሉም ነጭ አንድ አይደለም። ግራጫ ሥር የገባበት አለ፣ ውስጡ የተሰነጠቀ አለ። ድንጋይ ጠራቢዎች በመዶሻ መታ አድርገው ያዳምጡታል። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። አንድ ሜትር ኩብ እብነ በረድ 2.7 ቶን ያህል ይመዝናል። የተጠናቀቀው ሥራ 174 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 195 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። እንግዲህ ከተራራ ወርዶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ሮም የገባውን ክብደት ራስሽ ገምቺው።

«ሁለት ሰው ከአንድ ድንጋይ እንዴት ይወጣል?» ላልሽው፣ ቅርጽ በድንጋይ ሲሆን መቀነስ ብቻ ነው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ይገባዋል፤ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍለው የወጡ ናቸው፣ ተሳስቶ የተቆረጠ ተመልሶ አይለጠፍም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የቱ ድንጋይ ይቀራል የሚለው ነው።

የሚኬላንጄሎ ችግር ከባድ ነበር። ሙሉ ሰው የሆነ ወንድ በአንዲት ሴት ጉልበት ላይ ይተኛል። በሰሜኖቹ የእንጨት ቅርጾች ላይ ብዙ ጊዜ ክርስቶስ እንደ ሳንቃ ተገትሮ ከግራና ከቀኝ ይወጣል። እሱ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ማርያምን አተለቃት። ብትነሣ ከልጇ በብዙ ትበልጣለች። ይህን ደግሞ በልብሷ ደበቀው። ያ ሁሉ እጥፋት ለውበት ብቻ የተሠራ አይደለም፣ ጉልበቷን አስፍቶ መደላድል ይሆናል። ሁለተኛ፣ የክርስቶስን ሰውነት አጠፈው። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ወገቡ ይሰምጣል፣ ጉልበቱ ይነሣል። እንዲህ ሆኖ ከእሷ ቅርጽ ውጪ ብዙ አይወጣም። ሁሉም ነገር ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ በሚጠብ አንድ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ገባ።

ለዚህ የቁስ ምክንያትም አለው። እብነ በረድ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ወይም ተንጠልጥሎ ሲቀር ይሰበራል። የክርስቶስን ቀኝ ክንድ ተመልከቺ። በነፃ የተንጠለጠለ ይመስላል፣ ግን ከኋላው የማርያም ልብስ ይደግፈዋል። በነፃ የወጣው የእሷ ግራ እጅ ነው፣ መዳፉ ወደ ላይ የተዘረጋው። ጣቶቹ ተሰብረው በ1736 ተጠግነዋል። በሜይ 1972 አንድ ሰው በመዶሻ ሲመታውም የተገነጠለው ያው ክንድ ነው፤ አፍንጫዋና የዓይኗ ሽፋንም ተሰብሯል። ለአፍንጫው የሚሆን እብነ በረድ የተገኘው ከቅርጹ ጀርባ ተቆርጦ ነው።

አሠራሩን በመሮ ደረጃ ልንገርሽ። «ፒዬታ» ላይ የመሮ ምልክት ተሞርዶ ጠፍቷል። ስለዚህ የምናየው ካልጨረሳቸው ሥራዎች ነው፣ በተለይ ፍሎረንስ አካዴሚያ ውስጥ ካለው «ቅዱስ ማቴዎስ»። መጀመሪያ በሹል መሮ ትልልቁ ይነሣል። ቀጥሎ ጥርስ ያለው መሮ ይመጣል፤ ድንጋዩ ላይ እንደ እርሳስ ጭረት ትይዩ መስመር እየተወ የሰውነቱን ዙሪያ ይከተላል። ሥዕል የተማረ እጅ እዚህ ጋ ይታወቃል፤ በብዕር ጥላ እንደሚያወጣው ሁሉ በመሮም ያወጣል። ጥልቁ እጥፋት በመሰርሰሪያ ይቦረቦራል። ከዚያ ሞረድ፣ ከዚያ ፑሚስ የሚባለው ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ መጨረሻ ላይ ደቃቅ ዱቄት በቆዳና በገለባ።

ይህ መጨረሻው በ«ፒዬታ» ላይ ልዩ ነው። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ሥራ በዚህ ልክ አላለሰለሰም። ብርሃን ወደ እብነ በረድ ትንሽ ገብቶ ነው የሚመለሰው። ገጹ በደንብ ሲለሰልስ ቆዳ ይመስላል። የክርስቶስ ሰውነት የሚያበራው ከሥሩ ያለው ጨርቅ በጥልቁ ስለጠቆረ ጭምር ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቆይልኝ። የማርያም ቀኝ እጅ ከልጇ ብብት ሥር ገብቷል። ጣቶቿ ሰውነቱን አልነኩትም፣ በመካከል ጨርቅ አለ። ከጣቶቿ በላይ ሥጋው ተገፍቶ ትንሽ ያብጣል። ሕይወት የሌለው ሰውነት ክብደት እዚያች መዳፍ በማትሞላ ቦታ ላይ አለ። ሳንቶ ስፒሪቶ ያየውን እዚህ ነው ያዋለው።

ለምን ወጣት አደረጋት? ያኔም ተጠይቋል፤ የ33 ዓመት ልጅ እናት ከልጇ ታንሳለች እንዴ ብለው። ለኮንዲቪ የመለሰው ንጹሕ ድንግል ሴት ቶሎ አታረጅም ብሎ ነው። እኔ ደግሞ የቦሎኛን ምሽቶች አስባለሁ። ዳንቴ ማርያምን «ድንግል እናት፣ የልጅሽ ልጅ» ይላታል። ይህን ጮክ ብሎ ሲያነብ የከረመ ልጅ አሮጊት ማርያም ሊቀርጽ አይችልም።

በደረቷ ላይ በሰያፍ የሚያልፈው መቀነት ስሙን ይዟል። ስሙን የፈረመበት ብቸኛ ሥራ ነው። ቫሳሪ፣ ሰዎች ቅርጹን ለአንድ ሚላናዊ ቀራጺ ሲሰጡት ሰምቶ ሌሊት መብራት ይዞ ገብቶ ቀረጸው ይላል። ታሪኩ ያምራል፣ እኔ ግን አልቀበለውም። መቀነቱ ከሥሩ ያለውን ልብስ ይጫናል፣ እጥፋቱም ከእሱ ተነሥቶ ይሰበሰባል። እንዲህ ያለ ነገር ከመጀመሪያው ካልታሰበበት በአንድ ሌሊት አይመጣም። 

ስለ ጉዞሽ። «ፒዬታ» በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ስትገቢ በቀኝ በኩል የመጀመሪያው ጸሎት ቤት ውስጥ ነው። ከ1972ቱ ጉዳት ወዲህ መስታወት ስለተከለለበት መቅረብ አይቻልም። በማለዳ ሂጂ፣ አጉልቶ የሚያሳይ ትንሽ መነጽርም ያዢ። ከባዚሊካው ኋላ በቫቲካን ግቢ ውስጥ የአቢሲንያውያን ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በሚኬላንጄሎ ዘመን የእኛ መነኮሳትና ተሳላሚዎች የሚያርፉበት ነበር። በ1513 ሮም ውስጥ በግዕዝ ፊደል መዝሙረ ዳዊት የታተመው በእነሱ እርዳታ ነው። ማወቁ ለአንቺ ደስ ይላል ብዬ ነው።

ጊዜ ካለሽ ግን ከሮም አትጀምሪ። ፍሎረንስ ላይ የቦናሮቲን ቤት፣ ከዚያ የሳንቶ ስፒሪቶን የእንጨት ስቅለት፣ ከዚያ ባርጄሎ ሙዚየም ያለውን ባኮስ፣ ከዚያ አካዴሚያ ያለውን ቅዱስ ማቴዎስ እይ። ቦሎኛ በፈጣን ባቡር ከፍሎረንስ ቅርብ ናት፤ መልአኩንና የሸክላውን ልቅሶ በአንድ ቀን ታዳርሻቸዋለሽ። ሮምን የመጨረሻ አድርጊያት። ማስታወሻ ደብተርም ያዢና የማርያምን ቀኝ እጅ እዚያው ቆመሽ ሣይው፣ ፎቶ ብቻ አንሥተሽ አትለፊ።